ሸራው ሳይቀደድ ገለባዬ ለምን ሻገተ?

አዲስ አራሽ (ጥያቄ)

እንደምን ሰነበታችሁ። ለከብቶች ጉዝጓዝና ለመኖ ማሟያ የሚሆነኝን የስንዴ ገለባ በማሽን እያሳሰርሁ ከእርሻዬ ዳር ሜዳ ላይ ማከማቸት ከጀመርሁ ሁለተኛ ዓመቴ ነው። መጋዘን የለኝም፤ በቅርብ ጊዜም ለመሥራት አቅሜ አይፈቅድም። ባለፈው ዓመት እያንዳንዳቸው በግምት 15 ኪሎ ግራም የሚመዝኑ 300 ያህል ትንንሽ እስሮችን ደልዳላ በመሰለኝ ቦታ ላይ ከመርሁ። ከመሬት እርጥበት እንዳይገባ በማለት ከሥር ወፍራም ላስቲክ አነጠፍሁ፤ ከላይ ደግሞ አዲስ ሸራ አልብሼ በአራቱም ጎን እስከ መሬት ካወረድሁት በኋላ ጠርዙን ዙሪያውን በአፈር ደፈንሁት። ነፋስም ውኃም የሚገባበት ቀዳዳ አልተውሁም ብዬ በሙሉ ልብ ተቀመጥሁ።

የዝናቡ ወራት አልፎ ስከፍተው የታችኛው ደርብ ውኃ ጠጥቶ ሲባጎው ገና ስስበው እየተበጠሰ እጄ ላይ ቀረ። ይህስ ይሁን፣ ጎርፍ ገብቶበት ይሆናል ብዬ አልፈዋለሁ። ከሁሉ ይበልጥ ያልገባኝ የላይኛው ደርብ ነው። ሸራውን ፀሐይ ላይ ዘርግቼ በጥንቃቄ መርምሬዋለሁ፤ አንድም ቀዳዳ የለውም። ሆኖም በቀጥታ ከሸራው ሥር የነበሩት እስሮች ላያቸው አራት ጣት ያህል ጠቁሮ በነጭ ሻጋታ ተሸፍኖ አገኘኋቸው። የመካከሉ ገለባ ግን የታሰረ ዕለት እንደነበረው ደረቅና ወርቃማ ነበር።

ዝናብ ሳይነካው እንዴት ሊሻግት ቻለ? ዘንድሮስ ሸራው እንዲወፍር ላድርግ ወይስ የምለውጠው ሌላ ነገር አለ? ጎረቤቴ ክብ እስሮችን በሸራ ሳይሸፍን ደጅ ስለሚያስቀምጥ፣ ከተቻለ ስለ እርሱም አሠራር የምታውቁትን ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል።

ነባር ከማሪ (ምላሽ)

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ሸራዎን አያወፍሩት። የላይኛውን ደርብ ያረጠበው ዝናብ ሳይሆን ከገለባው ከራሱ የወጣ ውኃ ነው፤ ወፍራም ሸራ ደግሞ ያንን ውኃ ይበልጥ አፍኖ ይይዘዋል።

ነገሩን በቁጥር ላሳይዎት። ገለባ ሲታሰር በእጅ ሲነካ ደረቅ ቢመስልም በውስጡ ሁልጊዜ ውኃ አለ። እስሮችዎ ሲከመሩ የእርጥበታቸው መጠን 20 በመቶ ነበር እንበል። እንዲህ ያለው 15 ኪሎ ግራም የሚመዝን እስር 3 ኪሎ ግራም ውኃ ይዟል ማለት ነው። ለረጅም ጊዜ ያለ ሥጋት ወደሚቀመጥበት ወደ 15 በመቶ ለመውረድ እያንዳንዱ እስር 0.9 ሊትር ያህል ውኃ መተንፈስ ይኖርበታል፤ 300 እስሮች ሲደመሩ ከ260 ሊትር በላይ ይሆናል። እርስዎ ዙሪያውን በአፈር ሲደፍኑት ያ ሁሉ ውኃ መውጫ አጣ። ቀን ቀን ክምሩ በፀሐይ ሲሞቅ እርጥበቱ እንፋሎት እየሆነ ወደ ላይ ይወጣል፤ ሌሊት ሸራው ሲቀዘቅዝ እንፋሎቱ ከሸራው ውስጠኛ ገጽ ላይ ጠል ይሆንና መልሶ በላይኛው ደርብ ላይ ይንጠባጠባል። ይህ በየሌሊቱ ሲደጋገም ላይኛው ደርብ ይሻግታል፤ መካከሉ ግን፣ እንዳሉት፣ ውኃውን ወደ ላይ ሰዶ ደረቅ ሆኖ ይቀራል።

ስለዚህ ዘንድሮ ሸራውን እንደ ጣራ ይዩት እንጂ እንደ ከረጢት አይዩት። የክምሩን ሁለት ራሶች፣ ማለትም የርዝመቱን ሁለት ጫፎች፣ ክፍት ይተዉ። በጎንና በጎኑም ቢሆን ሸራው ከላይ ሁለት ደርብ ያህል ሸፍኖ ቢቀር ይበቃዋል። ወጨፎ ጎኑን መምታቱ አይቀርም፤ ነገር ግን ወጨፎ ያረጠበው ጎን ነፋስ ካገኘ በማግስቱ መልሶ ይደርቃል፣ ታፍኖ የረጠበ ገለባ ግን አይደርቅም። እኔ ለብዙ ዓመታት ጎኖቹን ገልጬ ስከምር ከውጭ በኩል ቀለሙ ግራጫ ከመሆኑ በቀር እዚህ ግባ የሚባል ጉዳት አልደረሰብኝም።

ከሸራውና ከገለባው መካከልም አየር የሚያልፍበት ክፍተት ያስፈልጋል። ከክምሩ አናት ላይ፣ በርዝመቱ ልክ፣ አንድ ረድፍ እስሮችን እንደ ጀርባ አጥንት ደርድረው ሸራውን በእነርሱ ላይ ቢያለብሱት ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ያገኛሉ። ሸራው ከግራና ከቀኝ ተዳፋት ስለሚኖረው ውኃ አያቁርም፤ ከሥሩም ከራስ እስከ ራስ አየር የሚመላለስበት መተላለፊያ ይፈጠራል። ለዚህ ረድፍ ያለፈው ዓመት አሮጌ እስሮችን ይጠቀሙ፤ ጠል ቢወርድባቸው የሚያሳዝኑ አይደሉም። ጠፍጣፋ አናት ያለው ክምር ላይ የተዘረጋ ሸራ ግን ውኃው እያጎበጠው ኩሬ ይሠራና በመጨረሻ በክብደቱ ይቀደዳል።

አከማመሩም የራሱ ሥርዓት አለው። ግንበኛ ጡብ እንደሚያጠላልፍ ሁሉ የላይኛው ደርብ እስር በታችኛው ደርብ መጋጠሚያ ላይ ማረፍ አለበት፤ አለዚያ መጋጠሚያዎቹ ከላይ እስከ ታች አንድ መስመር ይሆኑና ክምሩ ለሁለት ይሰነጠቃል፣ ዝናብም በስንጥቁ ቀጥ ብሎ ይወርዳል። መካከሉን ሁልጊዜ ከዳር ዳሩ ሞላ አድርገው ይከምሩ። ገለባ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በክብደቱ ይሰጥማል፤ መካከሉ የጎደለ ክምር ሲሰጥም እስሮቹ ወደ ውስጥ ያዘነብላሉ፣ የገባውም ውኃ ወደ ልቡ ይፈስሳል። መካከሉ የሞላ ከሆነ ግን እስሮቹ በትንሹ ወደ ውጭ ስለሚያዘነብሉ ውኃው ወደ ደጅ ይወርዳል።

የላይኛውን ደርብ በጠፍጣፋው፣ ሲባጎው ወደ ሰማይ እንዲያይ አድርገው ያስተኙት። በትንንሽ አራት ማዕዘን እስሮች ውስጥ አገዳው በአብዛኛው በእስሩ ወርድ አግድም ስለሚተኛ፣ እስሩን በጠርዙ ሲያቆሙት አገዳዎቹ እንደ ቧንቧ ቀጥ ብለው ይቆማሉ፤ ጠብታውንም ወደ ውስጥ ይመሩታል።

ወደ ታችኛው ደርብ ልመለስ። ከሥር ላስቲክ ማንጠፍ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነው። ላስቲኩ ከመሬት የሚወጣውን እርጥበት ይከለክላል፤ ነገር ግን ከጎን የገባውንና ከላይ የወረደውን ውኃ እንደ ገበታ ያቁረዋል። በዚያ ላይ ከሸራው የሚወርደውን ውኃ ብዛት ያስቡ። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ነው። የሸራዎ ስፋት 20 ካሬ ሜትር ቢሆንና 30 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢጥል፣ በአንድ ዝናብ 600 ሊትር ውኃ በሁለት ጎን ከክምሩ እግር ሥር ይወርዳል ማለት ነው። ጠፈጠፉ የሚያርፍበት ቦታ ወደ ክምሩ ካዘነበለ ውኃው በቀጥታ ላስቲክዎ ላይ ይገባል። እኔ እንደምገምተው የታችኛውን ደርብ የጨረሰው ይህ ነው።

ከላስቲኩ ይልቅ ገለባውን ከመሬት ያንሡት። የእንጨት ፓሌት ካገኙ መልካም ነው፤ ካላገኙ ጎን ለጎን የተጋደሙ ግንዶች ወይም ወፈር ያሉ አጠናዎች፣ ወይም አሮጌ የመኪና ጎማዎች ያገለግላሉ። ጎማዎቹ ውስጥ ውኃ እንዳይቋጥር ግን መሸንቆር ይኖርባቸዋል። በየዓመቱ በዚሁ ቦታ የሚከምሩ ከሆነ ከ10 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ጠጠር ማልበስ ከሁሉ የተሻለ ነው፤ በጠጠሩ መካከል ያለው ባዶ ቦታ ውኃ ከአፈሩ ወደ ላይ እንዳይሳብ ይከለክላል፣ የገባውንም ያሰርጋል። አሸዋና ደቃቅ አፈር የተቀላቀለበት ጠጠር ግን እርጥበት ስለሚስብ ጥቅም የለውም። ቦታው በ10 ሜትር ርዝመት ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ዝቅ የሚል ይሁን፤ ከላይ በኩል የሚመጣውን ጎርፍ የሚያዞር ቦይም ይቆፈርለት።

ከብት አርቢ (ምላሽ)

ነባር ከማሪ በጻፉት በአብዛኛው እስማማለሁ፤ ሁለት ነገር ብቻ ልጨምር።

የመጀመሪያው፣ ክዳን ደረቅ ገለባን ደረቅ አድርጎ ያቆያል እንጂ እርጥቡን አያደርቅም። ስለዚህ ጠያቂያችን ከሁሉ አስቀድመው ገለባው ሲታሰር ምን ያህል እርጥበት እንደነበረው ማወቅ አለባቸው። የእርጥበት መለኪያ መሣሪያ ከሌለዎት በቤትዎ ሊያደርጉት የሚችሉት መንገድ አለ። ከተለያዩ እስሮች ልብ ውስጥ እየመዘዙ በጥቅሉ 100 ግራም ገለባ ይመዝኑ፤ በምድጃ ውስጥ በዝግታ፣ እሳት እንዳይነካው እየጠበቁ፣ ክብደቱ መቀነሱን እስኪያቆም ድረስ ያድርቁትና መልሰው ይመዝኑት። የጎደለው ግራም የእርጥበቱ በመቶኛ ነው። 85 ግራም ከቀረ 15 በመቶ ነበር ማለት ነው። ከ20 በመቶ በላይ ሆኖ ከተገኘ አይከምሩት፤ እስሮቹን እርስ በርስ ሳይነካኩ ፀሐይና ነፋስ ላይ አቁመው ጥቂት ቀን ይታገሡ። ጠዋት ጤዛ ሳይለቅ የታሰረ ገለባና አረንጓዴ አረም የተቀላቀለበት ገለባ ከሁሉ የከፋ ነው፤ አገዳው ደርቆ አረሙ እርጥብ ስለሆነ እጅን ያታልላል።

ሁለተኛው ስለ ሻገተው ገለባ ነው። እባክዎ «ለጉዝጓዝ ይሆናል» ብለው በረት ውስጥ አያንጥፉት። በሻገተ ገለባ ላይ የሚበቅሉ አንዳንድ ፈንገሶች፣ በተለይም አስፐርጂለስ የሚባሉት፣ እርጉዝ ላሞችን ሊያስወርዱ ይችላሉ። አቧራውም ለሰው ሳንባ ጠንቅ ነው፤ ሻጋታ ያለበትን ድርቆሽና ገለባ ደጋግሞ ሲነካካ የኖረ ሰው «የገበሬ ሳንባ» በሚባል ሕመም ሊያዝ ይችላል። ክምሩን ሲያፈርሱ አፍና አፍንጫዎን በደንብ በሚገጥም ማስክ ይሸፍኑ፤ ነፋሱም ከጀርባዎ እንዲመጣ አድርገው ይቁሙ። የተበላሸውን ገለባ በአትክልት መደብ ላይ አፈር መሸፈኛ ወይም የኮምፖስት ማዘጋጃ ሊያደርጉት ይችላሉ፤ እዚያ መሻገቱ አይጎዳም። ይህን የምጽፈው በራሴ በረት ውስጥ ጉዳቱን ካየሁ በኋላ ስለሆነ በቀላሉ እንዳያልፉት እለምናለሁ።

ባለ ክብ እስር (ምላሽ)

ጎረቤትዎ ያለ ሸራ ስለሚያስቀምጧቸው ክብ እስሮች ስለ ጠየቁ እኔ የማውቀውን ልናገር። ክብ እስር አጥብቆ ከተጠቀለለ ላዩ እንደ ሣር ክዳን ሆኖ ዝናቡን ወደ ጎን ያንሸራትተዋል፤ ስለዚህም ከአራት ማዕዘኑ እስር ይልቅ ደጅን ይችላል። ይሁንና «ምንም አይሆንም» የሚለው አባባል እውነት አይደለም፤ የሚጎዳው የውጪው ሽፋን ቀጭን ስለሚመስል ብቻ ሰው ጉዳቱን አሳንሶ ያየዋል። ክብ ፊቱ ከዳር እስከ ዳር በመሐሉ አቋርጦ ሲለካ 1.5 ሜትር የሆነ እስር ከውጭ 15 ሴንቲ ሜትር ብቻ ቢበሰብስ፣ ደህና የሚቀረው መካከለኛው 1.2 ሜትር ነው። ይህ ሲሰላ ከጠቅላላው ገለባ 36 በመቶው ጠፍቷል ማለት ነው። እኔ ይህን ስሌት መጀመሪያ የሠራሁ ዕለት፣ ስንት ዓመት ሙሉ ከሦስት እስር አንዱን ለዝናብ ስሰጥ እንደኖርሁ ተረድቼ በጣም አዝኛለሁ።

ያለ ሸራ የሚቀመጡ ከሆነ አደራደራቸው ወሳኝ ነው። ጠፍጣፋ ፊታቸውን ገጥመው፣ እንደ ረጅም ግንድ፣ በአንድ መስመር ቁልቁለቱን ተከትለው ይደረደሩ፤ ውኃው በመስመሮቹ መካከል ሳይገታ ይወርዳል። በአንዱ መስመርና በሌላው መካከል ቢያንስ አንድ ሜትር ክፍተት ይተው። ሁለት መስመሮች በክቡ ጎናቸው ከተነካኩ፣ በመካከላቸው የሚፈጠረው ሸለቆ ውኃውን ሁሉ ሰብስቦ ሁለቱንም ከጎን ያበሰብሳቸዋል። በተመሳሳይ ምክንያት ሸራ የሌላቸውን እስሮች እንደ ፒራሚድ አንዱን በሌላው ላይ መጫን ትልቅ ስሕተት ነው፤ የላይኛው ያንሸራተተው ውኃ በሙሉ ወደ ታችኞቹ ይገባልና። ፒራሚድ የሚሠራው ክዳን ላለው ሰው ብቻ ነው። ዛፍ ሥርም አያስቀምጧቸው፤ ጥላው መድረቅን ያዘገያል፣ ዝናቡ ካባራ በኋላም ቅጠሉ ሲያንጠባጥብ ይቆያል፣ መብረቅም ይስባል።

በመረብ የተጠቀለለ እስር በሲባጎ ብቻ ከታሰረው የተሻለ ውኃ ያንሸራትታል፤ መረቡ ላዩን እኩል ጠፍጥፎ ስለሚይዘው የውኃ መግቢያ ስርጉድ አይኖረውም። የመሬቱ ነገር ግን ለክብ እስርም ያው ነው። ገለባ እንደ ኩራዝ ክር ውኃን ከአፈር ወደ ላይ ይስባል፤ በቀጥታ መሬት ላይ የተቀመጠ ክብ እስር ከሁሉ ቀድሞ የሚበሰብሰው ከሥሩ ነው።

አዲስ አራሽ (በድጋሚ)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የዘጋሁት ራሴ መሆኔን አሁን ተረድቻለሁ። ሁለት ነገር ቀርቶኛል። ጠርዙን በአፈር ካልደፈንሁት ሸራውን ነፋስ እንዳይወስደው በምን ልያዘው? ደግሞም አንድ ሰው የታችኛውን ደርብ በጠርዙ አቁመው ብሎኛል፤ ይህ ከላይ ከተባለው ጋር አይጋጭም?

ነባር ከማሪ (ምላሽ)

አይጋጭም፤ የተነገርዎት ለታችኛው ደርብ ነው። እስሩ በጠርዙ ሲቆም ሲባጎው በጎንና በጎን ስለሚሆን መሬት አይነካም፤ ስለዚህ በተፈጥሮ ጭረት የተገመደ ሲባጎ ቶሎ አይበሰብስም። መሬት ላይ በቀጥታ የሚከምር ሰው እንዲህ ቢያደርግ ያዋጣዋል። እርስዎ ግን ፓሌት ወይም ግንድ ካነጠፉ የታችኛውንም በጠፍጣፋው ቢያስተኙት እመርጣለሁ፤ ክምሩ ይበልጥ ይረጋል።

የሸራው አያያዝ ሥራውን ያህል ሐሳብ ይፈልጋል፤ ሸራን ቀድሞ የሚጨርሰው ዝናብ ሳይሆን በነፋስ መርገብገብ ነውና። ገመዶችን በአናቱ ላይ ከጎን ወደ ጎን፣ በየአንድ ሜትር ተኩሉ ያሳልፉ፤ በሁለቱም ጫፍ አሸዋ የተሞላ ጆንያ ወይም ጎማ ከመሬት ከፍ ብሎ እንዲንጠለጠል ያስሩ። የተንጠለጠለ ክብደት ጥሩነቱ ክምሩ በሰጠመ ቁጥር አብሮ ስለሚወርድ ገመዱ አይላላም። በችካል ያሰሩት ገመድ ግን በሁለት ሳምንት ውስጥ ይላላና ሸራው መርገብገብ ይጀምራል። ገመዱን በእስሮቹ ሲባጎ ላይ በፍጹም አይሰሩ። የሸራው የብረት ቀለበት ከተነቀለ፣ ጭብጥ የምታህል ገለባ በሸራው ጠርዝ ውስጥ ጠቅልለው አንገቷን በገመድ ያንቁ፤ ከቀለበቱ የበለጠ ይይዛል። ሁለት ሸራ የሚያጋጥሙ ከሆነ ደግሞ የላይኛው የታችኛውን ቢያንስ በግማሽ ሜትር ይደርብ፤ መጋጠሚያውም ዝናብ ይዞ ከሚመጣው ነፋስ ጀርባውን ይስጥ።

አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ኅሊናዬ አይፈቅድልኝም። እርጥብ ገለባ ሲከመር ይሞቃል። በመጀመሪያዎቹ ስድስት ሳምንታት በየጥቂት ቀኑ አንድ ረጅም የብረት ዘንግ ወደ ክምሩ ልብ ያስገቡና ሩብ ሰዓት ያህል ካቆዩት በኋላ አውጥተው ይዳስሱት። ለብ ማለቱ አያስደነግጥም። በእጅ ሊይዙት የማይችሉት ያህል ከጋለ ግን ውስጡ ወደ 60 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ወይም ከዚያ በላይ ደርሷል ማለት ነውና ችላ አይበሉት። የተቃጠለ ስኳር የሚመስል ሽታ ከሸተተዎት ደግሞ ክምሩን ለማፍረስ አይቸኩሉ፤ አየር ሲገባበት በድንገት ሊነድ ይችላል። በላዩም አይውጡ፤ ውስጡ ተቃጥሎ ባዶ ከሆነ ሊሰምጡ ይችላሉ። በቅድሚያ የእሳት አደጋ ሠራተኞችን ይጥሩ። ለዚሁ ሲባል ክምሩን ከቤት፣ ከበረትና ከኤሌክትሪክ መስመር አርቀው ይሥሩት፤ ገለባዎ ሲበዛም በአንድ ትልቅ ክምር ፋንታ ተራርቀው በቆሙ በሁለት ክምሮች ይክፈሉት።

ሸራውን ደመና በሌለበት ደረቅ ቀን፣ በተለይም ረዘም ያለ ዝናብ ካለፈ በኋላ፣ ከአንድ ጎን ገልጠው እጅዎን በላይኛው ደርብ ሥር ያስገቡ። እርጥበት ከተሰማዎት እስከ ማታ ድረስ ገልጠው ያናፍሱት፤ ጤዛ ሳይወርድ መልሰው ያልብሱት።